ቧሂት ላይ ፀሐይ ስንጠብቅ

ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አባቴ መሞቱን ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መሪውን የያዝኩትም እኔ።

የምነግራችሁን ሁሉ በዓይኔ አላየሁትም። ግማሹን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ እነዚያው ተሳፋሪዎች አንዱ ከአንዱ አፍ እየነጠቀ ሲነግሩኝ። እኔ ያየሁትን ብቻ ላውራ ብል የሚወጣኝ ስለ በረዶ፣ ስለ ጉምና ስለ አንድ ብስጩ ሾፌር ብቻ ነው።

ከመካነ ብርሃን ደባርቅ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ሰው አመላልሳለሁ። መንገዱን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ከመካነ ብርሃን ተነስተህ ሽቅብ ነው፤ ጆሮህ እስኪደፈን ሽቅብ። ቧሂት አናት ላይ ስትደርስ ወደ ጨነቅ ቁልቁል ትወርድና በሳንቃበር አድርገህ ደባርቅ ትገባለህ። አዲ አርቃይ ያሉት የቆላ ዘመዶቼ ክረምት ሲባል ዝናብና ጭቃ ብቻ ይመስላቸዋል። እኛ ጋ ሌላ ነው። ደባርቅ ላይ ዝናብ ሆኖ የሚወርደው ቧሂት ላይ በረዶ ሆኖ ይወርድና እዚያው ያድራል። ሌሊት ውርጩ ያጠነክረዋል። ጠዋት ስትደርስ መንገዱ የለም፤ ነጭ፣ ድርቅ ያለ፣ እግር የማይቆምበት ነገር ተጋድሞ ነው የሚጠብቅህ። በዚያ ላይ ጉሙ። በዚያ ላይ ቆፈኑ፤ ማርሽ ስትቀይር ጣትህ የራስህ አይመስልህም። ይሄን ሁሉ ችለህ ስትነዳ ደግሞ ከኋላ አንዱ «ሾፌር፣ ምነው ተጎተትክ?» ይልሃል። ኧረ ወዲያ! ና አንተ ንዳው!

አዎ፣ ብስጩ ነኝ። ሚስቴም ትለኛለች፣ ትራፊክ ፖሊሱም ይለኛል። አባቴ ግን እንደሱ ብሎኝ አያውቅም፤ ምክንያቱም ከሱ ነው የወረስኩት።

አባቴ የዚያ መንገድ ሰው ነበር። ቧሂት መኪና ሳያይ በፊት፣ በበቅሎ ገብስ እየጫነ ሲወጣና ሲወርድ ነው ዕድሜውን የፈጀው። መሪ ነክቶ አያውቅም። ግን መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ለት ጠራኝና አንድ ነገር አዘዘኝ። «በክረምት ቧሂትን ፀሐይ ሳትቀድምህ እንዳታልፍ። አናቱ ላይ ቁም። መጀመሪያ እሷ ትርገጠው፣ ከዚያ አንተ ትረግጠዋለህ። የቸኮለ ካለ በእግሩ ይሂድ።» ይሄን ብሎ ካፖርቱን አውልቆ አለበሰኝ። ወፍራም፣ ቡኒ፣ ክርኑ የተጣፈ ካፖርት ነው፤ በቅሎ በቅሎ ይሸታል። ሚስቴ ስንቴ አጠበችው፣ ሽታው ወይ ፍንክች።

ማታ ማታ ከመንገድ ስመለስ ደግሞ እንደ ሰው «እንዴት ዋልክ» አይለኝም። «በረዶው እስከምን ደርሷል?» ነው የሚለው። እኔም እግሬን ዘርግቼ በእጄ አሳየዋለሁ፤ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ባት። እሱ ራሱን ይነቀንቅና በእሱ ጊዜ እስከ ጉልበት ይደርስ እንደነበር ያወራኛል። ሁልጊዜ የእሱ ይበልጣል። አንድ ቀን እንኳ አሸንፌው አላውቅም።

በዚያ ክረምት ደረቱን ያዘውና ተኛ። ከደባርቅ የወጣሁ ለት ጠዋት ግን ደህና ነበር፤ አጥሚት ጠጥቷል፣ ከእህቴ ጋር ተጨቃጭቋል። ሲጨቃጨቅ ካየሁት አይሞትም ብዬ ሄድኩ። መካነ ብርሃን አድሬ በማግስቱ ልመለስ።

በማግስቱ ጠዋት ከመካነ ብርሃን ስነሳ ረዳቴ ታሞ ቀርቶብኝ ነበር። ረዳት ከሌለ ደግሞ የረዳቱን ሥራ የሚቀማ ሰው አይጠፋም። ያን ቀን የቀሙት የቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ነበሩ።

እትዬ ባላቸው ከሞተ የቆየ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ሰውነታቸው የደቀቀ፣ ድምፃቸው ግን የመኪና ጥሩምባ የሚያስንቅ ሴት ናቸው። ቅቤያቸውን በቅል ይዘው በየሳምንቱ ደባርቅ ገበያ ይወርዳሉ። በየሳምንቱ እንጣላለን። ቅሉን ከሞተሩ አጠገብ ካደረግሁባቸው «አቀለጥክብኝ» ነው፤ ከኋላ ካደረግሁባቸው «አስረገጥክብኝ» ነው። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «አንተ ሾፌር» ነው የምባለው። የዚያን ዕለትም በሩ ላይ ቆመው «አንተ ወዲያ ጠጋ በል፣ አንቺ በጉን አስገቢው» እያሉ ሰውን ሲያደላድሉ፣ መኪናው የኔ መሆኑን ራሴም ተጠራጠርኩ። ከጎናቸው አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው መምህሩ አለ፤ እሱ መካነ ብርሃን ያስተምራል፣ ሚስቱ ደባርቅ እህቴ ግቢ ተከራይታ ትኖራለች። ሌላው ገበሬው፣ ገበያተኛው፣ ልጅ ያዘለችው ነው። አንዱ ገበሬ ልጁ ዘንድ ሄዶ ድንች ሊቆፍር ዶማውን ይዞ ነው የተሳፈረው። «ዶማህን ከሰው እግር ስር አንሳ» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ።

ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ኔትወርክ የሚገባበት ኩርባ አለ። እዚያ ስንደርስ የሁሉም ስልክ ባንድ ላይ ይጮኻል። የእኔ አይጮኽም። ቧሂትን እስካልፍ ስልኬን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ነው የምወረውረው፤ ቤተሰቦቼም ይሄን ያውቃሉ። ስለዚህ የደወሉት ለመምህሩ ነው።

የደወለችው ሚስቱ ናት። እያለቀሰች፣ «አባባ ዐረፉ» አለችው። «ለልጃቸው እንዳትነግሩት። ብቻ ቶሎ አምጡት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ ካለፈ ዝናቡ ይመጣል፤ ትናንትም አንድ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶባቸው ነበር፣ ካህናቱ አንጠብቅም ብለዋል።»

እኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እህል ቀምሶ ነው የሚረዳው። መሪ የያዘ ሰውማ ጭራሽ። እና መምህሩ ጎንበስ ብሎ ለእትዬ ሹክ አላቸው። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ይሄን በስፖኪዮው አይቻለሁ። ከዚያ ለቄሱ። ቄሱ «አይነገረው፤ ደባርቅ ስንገባ» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወሬው ወንበር በወንበር እስከ ኋላ ሄደ። እኔ የማየው ጭንቅላት ወደ ጭንቅላት ሲጠጋ ነው። ስለ እኔ እያወሩ እንደሆነ ገብቶኛል። የመሰለኝ ግን አነዳዴን የሚያሙ ነው።

«የተጎተትኩበት ሰው ካለ በሩ ክፍት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ፣ በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «ኧረ አንተ ደህና እየነዳህ ነው። ንዳ» አሉኝ።

ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እሳቸው ለኔ ደግ ቃል! ግን የቧሂት አናት ፊቴ ድቅን አለና ረሳሁት።

አናቱ ላይ ቆምኩ። ወርጄ አየሁት። የሌሊቱ በረዶ እስከ ጉልበቴ ተከምሯል፤ ቁልቁል የሚወስደው የመጀመሪያው ኩርባ ከገደሉ ጥላ ስር ስለሆነ ጭራሽ ጥርብ ድንጋይ መስሏል። በግራ በኩል ያለውን ገደል ጉም ሞልቶት ጫፉ የት እንደሆነ አይለይም። በጫማዬ ተረከዝ መታሁት፤ አልተሰነጠቀም። ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩና «እንጠብቃለን» አልኩ። «ፀሐይ ትውጣ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሰው ተደስቶ ጋቢውን ይከናነብና ያንቀላፋል። የዚያን ዕለት ግን እርስ በርስ ተያዩ።

«ስንት እንቆያለን?» አሉ እትዬ።

«ፀሐይ እስክትወጣ።»

«ካልወጣችሳ? ጉሙን አታየውም?»

«ካልወጣች እዚሁ ነን። የቸኮለ ካለ በእግሩ ይሂድ።» የአባቴን ቃል ነው የተናገርኩት፤ በኩራት ጭምር። አባቴ ያን ሰዓት ቤቱ ውስጥ ተገንዞ ተኝቷል። በራሱ ትእዛዝ ነው ከራሱ ቀብር ሊያስቀረኝ የነበረው።

እትዬ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ደባርቅ ልጄ ምጥ ይዟታል!» አሉ ድንገት።

«እትዬ፣ እርስዎ ልጅ አለዎት እንዴ?»

«የእህቴ ልጅ!» አሉ ሳያፍሩ። መምህሩ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ። ውሸታም መሆናቸው ገብቶኛል፤ ለምን እንደዋሹ ነው ያልገባኝ። ገበያው እንዳያመልጣቸው ነው ብዬ በልቤ ሰደብኳቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቄሱ መዋሸት አይችሉም። ዱላቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ የሚጠብቁን አሉ» አሉኝ። ብቻ ይሄን። እውነት ነው፤ ደባርቅ የአባቴ ግቢ ሙሉ ሰው እየጠበቀ ነበር። እኔ ግን ሌላ ቄስ፣ ሌላ ጉባኤ ያሉ መሰለኝና «ይጠብቁ አባ፣ ገደል ከገባን ጭራሽ አንደርስም» አልኳቸው። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወደ ወንበሬ ተመልሼ ካፖርቱን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ደው፣ ደው፣ ደው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ያ ባለ ዶማ ገበሬ ኩርባው ላይ ሆኖ በረዶውን ይቆፍራል። መምህሩ ከጎኑ በብረት ትሪ ይዝቃል። ሌላው በሳህን፣ ሌላው በተቆረጠ ጀሪካን፣ ሌላው በባዶ እጁ። ሴቶቹ ከዳገቱ አፈርና ጠጠር በነጠላቸው እያፈሱ ይበትናሉ። እነዚህ እኮ ጎማ ጭቃ ሲውጠው «እኛ ከፍለን ነው የተሳፈርን» ብለው ከወንበራቸው የማይነሱ ሰዎች ናቸው!

ወርጄ ሄድኩ። «ማን አዘዛችሁ? ገደል ልትከቱኝ ነው?» አልኩ።

ገበሬው ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ቆፈረ። ከመምህሩ ጣት ደም እየተንጠባጠበ በረዶው ላይ ይወድቃል፤ እሱ እንኳ አላየውም። «መምህር፣ አብደሃል እንዴ? እጅህን እኮ ቆረጠህ» ስለው፣ «ሞቆኛል» አለኝ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ሞቆኛል ይለኛል! ምን ልበል? ተናድጄም፣ ግራ ገብቶኝም ከመሳሪያ ሳጥኔ ትልቁን የብረት ዘንግ አመጣሁና እኔም መውቃት ጀመርኩ። ሥራ ሲሠራ ዝም ብሎ መቆም አልችልም።

ጉሙ ግን አልተገለጠም፤ ፀሐይም አልወጣች። ሁለቱ የጎማ መስመሮች ላይ አፈሩ ሲታይ ቆም ብዬ ለካሁት። ያልፋል፤ አያልፍም። ከታች በኩል አንድ የቀረ ቦታ አለ፤ በረዶው ከአለቱ ጋር ተጣብቆ ዶማም አልፈታው አለ። ጆንያ ዘረጋንበት፤ አልበቃ አለ። እትዬ መጡና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ነጭ፣ ገና ያልተለበሰ የሚመስል ጋቢ ነው። ጎንበስ ብለው በረዶው ላይ አነጠፉት።

«እትዬ፣ ኧረ ይተዉት! በዚህ ብርድ!»

«አንተ ሾፌር፣ ሥራህን ሥራ» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በኋላ፣ ሁሉን ካወቅሁ በኋላ፣ አንድ ሐሳብ ሲነክሰኝ ከርሟል። ቧሂት ላይ የደበቁኝ ለእኔ አዝነው ነው ወይስ ሾፌሩ አልቅሶ ገደል እንዳይከተን ብለው? ብስጩ ሰው ክፉ ሐሳብ አያጣም። ለዚህ ሐሳብ መልሱን ያገኘሁት ቀጥሎ ከሆነው ነው።

መንገዱ ከተከፈተ ወዲያ ፀሐይዋን መጠበቄን ተውኩና ሁሉም ሰው ይውረድ አልኩ። ኩርባውን በባዶ መኪና አልፋለሁ፤ እናንተ በእግራችሁ ውረዱና ከታች ትሳፈራላችሁ። ደንቡም ይሄው ነው። ሰው ሁሉ ወረደ። ሞተሩን አስነስቼ ዞር ስል እትዬ ከኋላዬ ቁጭ ብለዋል፤ ቅላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ከጎናቸው ቄሱ።

«እትዬ፣ ይውረዱ እንጂ!»

«አልወርድም።»

«አባ፣ እባክዎ ይንገሩልኝ!»

«እኔም አልወርድም፣ ልጄ።»

ደሜ ፈላ። «ሰዎች! ከተንሸራተተ እኮ ገደል ነው የምንገባው! እኔ ብቻዬን ልግባ እንጂ እናንተን ይዤ ልግባ?»

«ብቻህን አትገባም» አሉ እትዬ። «ከገባህ አብረን እንገባለን። ንዳ።»

ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ እኛ አገር ልጅ አዋቂው የሚያውቀው ነገር ነው። ለመሽናት እንኳ ሲወጣ አንድ ሰው ይከተለዋል። እኔ ግን ሐዘንተኛ መሆኔን አላውቅም። ያየሁት ሁለት ድርቅ ያሉ ሽማግሌዎች ብቻ ነው። በሆዴ እየተሳደብኩ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ።

ፍሬን አይነካም በዚያ ላይ። ሞተሩ ብቻ ይያዘው ብለህ ትለቀዋለህ። የፊት ጎማ አፈሩን ይዞ ሄደ፣ ጆንያውን ረገጠ። መሐል ላይ የኋላው ወደ ግራ፣ ወደ ገደሉ፣ ሸርተት ሲል ወገቤ ላይ ተሰማኝ። ከታች የቆሙት ሰዎች ባንድ አፍ «ማርያም!» ሲሉ ሰማሁ። ቄሱ ከኋላዬ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ። መሪውን ወደ ተንሸራተተበት ሰጠሁት፣ እንደገና መለስኩት፤ የኋላው ጎማ ጋቢው ላይ ወጣ፣ ነከሰው፣ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ጠጠር ነበር።

ከኩርባው ወርጄ ቆምኩ። ሰዉ እየሮጠ መጣ። እልል የሚል፣ ጎሽ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ሁሉም ግን በቀጥታ ወደየወንበሩ ተሳፈረ። ገበሬው ጋቢውን ከበረዶው ላይ ነቅሎ አመጣው፤ ተተርትሯል፣ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እትዬ ተቀበሉትና ሳያዩት ወንበር ስር ጣሉት።

ጨነቅ ስንደርስ ሻይ ልጠጣ ብዬ ቆምኩ። «ሻይ አንፈልግም» አሉ ከኋላ፣ ባንድነት። ሻይ የማይፈልግ የመካነ ብርሃን ተሳፋሪ እስከ ዛሬ አላየሁም! «እኔ እፈልጋለሁ!» አልኩ። እትዬ ከከረጢታቸው የተቀቀለ ድንች አወጡ፣ ላጡት፣ በጨው ነካ አድርገው አፌ ድረስ አመጡልኝ። «እየነዳህ ብላ» አሉኝ። እምቢ ስላቸው «በሞቴ» አሉ። በላሁ። ሌላ ላጡልኝ። እስከ ሳንቃበር እንደ ሕፃን አጎረሱኝ። መርዶ ሳይሰማ እህል ይቅመስ ብለው እንደሆነ ማን ያውቃል? እኔማ ቅቤያቸውን ከሞተሩ እንዳርቅላቸው ጉቦ መስጠታቸው ነው ብዬ ሳቅሁ። ሳቄን ሲሰሙ አንዲት ሴት ከኋላ አፏን ሸፍና ማልቀሷን የነገሩኝ በኋላ ነው።

መምህሩ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር መልእክት ይልክ ነበር። ቧሂትን አልፈናል። ሳንቃበር ነን። ደባርቅ ያሉትም አባቴን ይዘው ከቤት ወጥተው፣ ፍትሐቱን በየማረፊያው እያስረዘሙ፣ ሰማዩን እያዩ፣ ቀስ እያሉ ይሄዱ ነበር። እንግዲህ በሁለት በኩል ያለ ሰው ሁሉ ለእኔ ሲደክም ነው የዋለው። እኔ መሐል ላይ ሆኜ እቆጣለሁ።

ደባርቅ ስንገባ ደመናው ጠቁሮ ነበር። ወደ መናኸሪያው የሚታጠፈው መንገድ ላይ ስደርስ ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። እትዬ ናቸው፤ ከወንበራቸው ተነስተዋል።

«ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው» አሉኝ።

«ለምን? መናኸሪያው በዚህ ነው።»

በስፖኪዮው ሳይ ሰው ሁሉ ነጠላውን፣ ጋቢውን ለሐዘን አዘቅዝቆ ለብሷል። መቼ እንዳዘቀዘቁት አላየሁም።

«አዙረው፣ ልጄ» አሉ እትዬ።

ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ያኔ ገባኝ። ለስላሳው ድምፅ፣ ዶማው፣ የመምህሩ ጣት፣ «የሚጠብቁን አሉ»፣ ድንቹ፤ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። እንዴት እንዳዞርኩት አላስታውስም። እትዬ ግን እጃቸውን ከትከሻዬ አላነሱም፤ እሱን አስታውሳለሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የመጨረሻው ማረፊያ ደርሰው ቆመው ነበር። እህቴ ስታየኝ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደረስኩ። አባቴን ተሸከምኩት። ከበሽታው ብዛት ቀሎ ነበር፤ ያ የበቅሎ ጭነት ሲያነሳ የሚውል ሰው ቀሎ ነበር። ጉድጓዱ ገና ደረቅ ነው። ሲያወርዱት ምን እንደምል ጠፋኝ። ሌሎች ልጆች የሚሉትን ግጥም አላውቅ፣ ሙሾ አላውቅ። ጎንበስ አልኩና «አባዬ፣ ዛሬ እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር» አልኩት። እጄንም ጉልበቴ ላይ አድርጌ አሳየሁት።

አፈር መመለስ ሲጀመር የእድሩ ሰዎች አካፋ አነሱ። ያ ገበሬ ወደ እነሱ ሄደና ከአንዱ እጅ አካፋውን ተቀበለ። «አንተ ዕረፍ፤ እኛ እንጨርሰዋለን» አለው። አባቴን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። መምህሩ በዚያ በተቆረጠ እጁ ሌላውን አካፋ ያዘ። ሌሎቹም ቀረቡ። ጠዋት ቧሂት ላይ በረዶውን የቆፈሩት እጆች ናቸው አባቴን አፈር ያለበሱት። ገበያቸውም ቀርቶ፣ ድንቹም ቀርቶ፣ ከመሐላቸው አንድም ሰው ወደ ጉዳዩ አልሄደም። ያ ክፉ ሐሳብ በኋላ ሲመጣብኝ ይሄም መልስ ሆነኝ፤ አፈርኩም፣ አለቀስኩም።

ዝናቡ የመጣው ድንጋዩ ከተደረደረ በኋላ ነው። ዞር ስል እትዬ ከሴቶቹ መሐል በስስ ነጠላ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ጋቢያቸው መኪናው ውስጥ ጭቃ ሆኖ ቀርቷል። ካፖርቱን አውልቄ አለበስኳቸው። እስከ እግራቸው ደረሰ።

«የማን ነው?» አሉኝ።

«የሱ ነው።»

ሊያወልቁት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። አሸተቱት። «በቅሎ ይሸታል» አሉ፤ እና ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ያኔ ገና፣ ለማያውቁት ሰው፣ ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱለት።

አሁንም እዚያው መንገድ ላይ ነኝ። እትዬም በየሳምንቱ ቅላቸውን ይዘው ይሳፈራሉ፤ ክረምት ሲሆን ካፖርቱን ለብሰው። በቅቤው አሁንም እንጣላለን፤ «አንተ ሾፌር» መባሌም ቀጥሏል። ባለፈው ነሐሴ በረዶው እንደገና ኩርባውን ያዘውና አናቱ ላይ ቆምኩ። አዲስ ተሳፋሪ የሆነ አንድ ጎረምሳ ከኋላ «ሾፌር፣ ምን እንጠብቃለን? እንሂድ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። አፌን ከፍቼ ልመልስለት ስል እትዬ ቀደሙኝ። ካፖርቱን እስከ አንገታቸው ሰብስበው፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ «ዛሬ የሚጠብቀን የለም» አሉት። «ፀሐይዋን እንጠብቅ።»

ሞተሩን አጠፋሁት።